ወፍጮ ቤቱና ዋልካው



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት መሠረት ነው። ፊደል ስናስተምራችሁ ከርመናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን መጀመሪያ የተማርነው እኛ ነን። እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ።

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ወፍጮ ቤት ሊሠሩ ተነሡ። ቦታው ለመንገድ ቅርብ ነው፤ ለጥ ያለ ሜዳ፣ አፈሩም ዋልካ። እኛም ገመድ ዘረጋን፣ ድንጋይ ተሸከምን፣ «እዚህ ይሁን» ብለንም መከርን። አንድ ሽማግሌ ግን፣ «ልጆቼ፣ ዋልካ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ማሽላ እንጂ ድንጋይ አይችልም» አሉን። ሰምተን ዝም አልን። እስከ ጉልበት ብቻ ተቆፈረ፣ ድንጋዩ በሲሚንቶ ተገነባ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ሞተሩና ወፍጮው ለየብቻ በሲሚንቶ መደብ ላይ ተቀመጡ። በጋውን ደኅና ፈጨ።

ነሐሴ ላይ በሩ አልዘጋም አለ። ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ፤ ጣት ያስገባል። የሞተሩ መደብ ከወፍጮው መደብ ከፍ ስላለ ቺንጋው እየወለቀ አስቸገረ። በመጨረሻ ወፍጮው ቆመ። እናቶች እንደ ድሮው እህል ተሸክመው ሩቅ መሄድ ጀመሩ። አንዳንድ ሰው «መሬቱ ተቆጣ» ይል ነበር። መሬቱ አልተቆጣም፤ ውሃ ጠጣ እንጂ።

የዋልካ ቅንጣት እጅግ የላመ ነው። ውሃ በመካከሉ ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይኮማተራል። የበጋው ስንጥቅ እስከ አንድ ሜትር ሊጠልቅ ይችላል፤ በትራችሁን አስገብታችሁ ሳታዩት አትቀሩም። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆን መሬት እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር ነው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ ቤት የሚሠራ ሰው እንኳ ከዚሁ አፈር ጋር ይታገላል።

ክፋቱ ማበጡ ብቻ አይደለም፤ እኩል አለማበጡ ነው። የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚወርድበት ዳር ቶሎ ይርሳል። ከወለሉ ሥር ያለው ግን ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ጥግ ይነሣል፣ ሌላው ይቀራል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ይህን ይችለዋል፤ ይጎብጣል፣ ቢሰነጠቅም በምርጊት ይደፈናል። ድንጋይና ሲሚንቶ ግን መጉበጥ አያውቁም።

ይህ የይፋት ቆላ ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ጣርማ በር ላይ የፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ብትወጡ፣ በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። እዚያ ሣሩንና ሰብሉን ይጎዳል እንጂ ቤት አያነሣም። እንደ ኖርዌይና ስዊድን ባሉ አገሮች ግን ብርዱ መሬት ውስጥ ጠልቆ ገብቶ የአፈሩን ውሃ በረዶ ያደርገዋል። ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይሰፋል። በረዶው ከታች ሌላ ውሃ እየሳበ ይወፍራል፤ ሰው ያልሞቀውን የመኪና ማደሪያ ከነመሠረቱ ሽቅብ ይገፋዋል። የዚያ አገር ሰዎች ብርዱ እንዳይገባ በመሠረቱ ዙሪያ ከፕላስቲክ አረፋ የተሠራ ቀላል ሰሌዳ ይቀብራሉ። መሬቱን ጋቢ አለበሱት ማለት ነው። የእኛ መሠረት የሚፈልገው ግን ጋቢ ሳይሆን ገሳ ነው፤ የሚጎዳን ውሃው ነውና።

ከሁሉ የሚሻለው ዋልካውን ለማሽላና ለማሾ ትቶ ቤቱን ኮረት ባለበት ተረተር ላይ መሥራት ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ ሥሩ ዋልካ የሆነ ቦታም ስላለ የሰው ቁመት ያህል ቆፍራችሁ እዩ። ከተጠራጠራችሁ እፍኝ አፈር በውሃ አሹ፣ እንደ ገመድ አርዝማችሁ እንደ ቀለበት እጠፉት። ሳይበጠስ ከታጠፈ፣ ሲደርቅም በጣም ካነሰና እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ዋልካ ነው።

ሌላ ቦታ ከሌለስ? ዋልካውን ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች ድረስ አውጡትና ገረጋንቲ ሙሉበት። ስንዝር በስንዝር እያረጠባችሁ ደልድሉት። አሸዋ ብቻ እንዳትሞሉ፤ ጉድጓዱ እንደ ጋን ውሃ ያጠራቅማል። ለጣሪያው አሸንዳ አድርጉለት። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከዚያ ወዲያ ቦይ ይኑር። የእቃ እጣቢ ግድግዳ ሥር አይደፋ። ባሕር ዛፍም አጠገቡ አትትከሉ፤ በበጋ የአፈሩን ውሃ መጥጦ ቤቱን በሌላ በኩል ያሰምጠዋል። ሞተርና ወፍጮ በአንድ ወፍራም፣ ብረት ባለው መደብ ላይ ይቀመጡ። መሬቱ ቢነሣም አብረው ይነሣሉ፣ ቺንጋውም አይወልቅም።

ሁለተኛ ገንዘብ ማዋጣት ከባድ ነው፤ ያጉረመረመ ሰው አለ፣ አልተሳሳተም። ድንጋዩና ቆርቆሮው ግን ደኅና ስለሆነ ፈርሶ ወደ ተረተሩ ይሄዳል። አዲሱን ቦታ የመረጡት እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ቁፋሮ ይጀመራል፤ ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።