በሽንፋ ወንዝ ዳር ስለ ተገኘው የጥንት አዳኞች ምልክት

ተማሪዎች ሆይ፤ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርዶ በመተማ ቆላ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ሰፍረው ነበር። ጽሕፈት አልተዉም፤ የተዉት የድንጋይ ስለትና የበሉትን አጥንት ነው። ሊቃውንት ቆፍረው በ2016 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፣ አጥንቱ የሚዳቋ፣ የጦጣና የዓሣ ነው፤ የስለት ጭረትና የእሳት ቃጠሎም ይታይበታል። ትናንሾቹ ሹል ድንጋዮች የፍላጻ ጫፍ ይመስላሉ። በዚያ ዘመን በሱማትራ ደሴት የቶባ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ደቃቅ ብናኙ በሽንፋ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ድርቅ በርትቶ ወንዙ ኵሬ ብቻ ሲሆን፣ ሰዎቹ ዓሣ ማጥመድን አበዙ እንጂ አልጠፉም። ስለዚህ የቆየ አጥንት ወይም የተሳለ ድንጋይ ያገኘ ልጅ፣ ሳያነሣ ለመምህሩ ያሳይ፤ ከስፍራው የተነቀለ አጥንት ምስክርነቱን ያጣልና።