ልጁን አትምቱት፤ ነርቩን አስመርምሩለት

የዛሬው ትምህርታችን ብዙ ወላጅ ለጎረቤት እንኳ ስለማይናገረው ችግር ነው። ልጁ ቀንም ሌሊትም ሽንቱ ያመልጠዋል። ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ቤት ሲመለስ «ሰነፍ!» ይባላል፤ አንዳንዱም ይገረፋል። ሌሊት ብቻ መኝታ ላይ መሽናት በብዙ ጤነኛ ልጆች ዘንድ ያለ ነገር ነው። ቀንም ማታም ሳያቋርጥ የሚያመልጠው ልጅ ግን የነርቭ ጉዳት ሊኖርበት ስለሚችል መመርመር አለበት።

እስቲ የሽንትን መንገድ እንመልከት። ኩላሊቶች ደማችንን አጣርተው ሽንትን ይለያሉ። ሽንቱ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወርዶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ፊኛው ሲሞላ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ለአንጎል ይነግራል። አንጎልም ፊኛው እንዲጨመቅ፣ መውጫውም እንዲከፈት ያዛል። ነርቩ ከተጎዳ ግን መልእክቱ አይደርስም። ልጁ መሙላቱን አያውቅም፤ ሽንቱ ወይ ያመልጠዋል፣ ወይ ውስጥ ይቀራል።

የየካ ሰው ይህን አያጣውም። ክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ቦዩ ተደፍኖ ሲያገኘው ወደ ግቢያችን ይመለሳል። ሽንትም መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ፣ ወደ ኩላሊት ይገፋል። ኩላሊት ደግሞ ሳያሳምም ይጎዳል። ስለዚህ ትልቁ አደጋ የረጠበው ሱሪ አይደለም፤ ኩላሊቱ ነው።

ዋናው ምክንያት ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው፣ ጽንሱ ማኅፀን ውስጥ ሳለ የጀርባው አጥንትና ነርቭ በሚገባ ሳይገጥም መቅረቱ ነው። ይህም የሚሆነው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ለዚህ ነው ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከእርግዝና በፊት የሚጀመረው። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ከዚያ የበዛ መጠን ስለሚያስፈልጋት አስቀድማ ሐኪም ታማክር። የጀርባ አጥንት አደጋና የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም ይህንኑ ችግር ያመጣሉ።

ጀርባው ላይ እብጠት ኖሮት የተወለደ ልጅ፣ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትና ቢራመድም፣ ፊኛውና ኩላሊቱ መታየት አለበት። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት ጠይቁ።

መፍትሔ አለው ወይ? አዎን፣ አለው። ጃክ ላፒደስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጽሑፍ፣ ንጹሕ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ አስገብቶ ፊኛን በየጊዜው ባዶ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ቱቦው ካቴተር ይባላል። ሐኪም ወይም ነርስ ካስተማረቻት በኋላ እናት ቤቷ ልትሠራው ትችላለች፤ ልጁም ከፍ ሲል ራሱ ይለምደዋል። ብዙውን ጊዜ ቀን ቀን በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ቱቦው ደጋግሞ የሚያገለግል ዓይነት ከሆነ ታጥቦና ደርቆ በንጹሕ ዕቃ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች የተፈጥሮ ጎማ ስለማይስማማቸው ከጎማ ያልተሠራ ቱቦና ጓንት ጠይቁ።

እንዳይረጥብ ብላችሁ ውኃ አትከልክሉት። ድርቀትም ፊኛውን ይጫነዋልና አትናቁት። ትኩሳት፣ ትውከት፣ የጎን ሕመም ወይም የደፈረሰ ሽንት ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እንጦጦ ጠበል ይዛችሁት የምትወጡም፣ ቱቦውንና መድኃኒቱን ይዛችሁ ውጡ እንጂ አታቋርጡ።

እኛ መምህራንም ድርሻ አለን። ልጁን በሩ አጠገብ እናስቀምጠው፤ ሰዓቱ ሲደርስ እጅ ሳያወጣ ይውጣ። የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት፣ ውኃና ሳሙና ይዘጋጅለት።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። አንዱን ገጽ በአራት ከፍላችሁ፦ ሰዓት፣ የወጣው መጠን፣ ልብሱ ደረቅ ወይስ እርጥብ፣ የሽንቱ መልክ ብላችሁ ጻፉ። በየዕለቱ ሙሉት። በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ አሳዩት፤ ስንት ጊዜ ባዶ መደረግ እንዳለበት የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። ፊደል የቆጠራችሁበት እጅ የልጃችሁን ኩላሊት ይጠብቃል። ደኅና ሁኑ።