የጥይት ፍጥነትና የአፈሙዝ ዕድሜ

መካኒሳ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



መካኒሳ ሲነሣ የአልኮል ፋብሪካው አብሮ ይታወሳል። አልኮል በጠመንጃ ታሪክ ያለው ድርሻ ግን እምብዛም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ናይትሮሴሉሎስን በአልኮልና በኤተር ቅልቅል አሟሙቶ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ከዚያ ወዲህ የጥይት ፍጥነት እጅግ ጨመረ። ነገር ግን ጥይት የሚሞላ ባለሙያ የሚያክለው ፍጥነት ሁሉ ከአፈሙዙ ዕድሜ ላይ የሚከፈል ነው።

ይህንንም በኢትዮጵያ ምድር በተተኮሱ ሁለት ጠመንጃዎች ማስረዳት ይቻላል። ውጅግራ በሚል ስም የታወቀው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ በብዛት ይገኝ ነበር። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ የእርሳስ አረሩ ክብደት 25 ግራም ያህል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ፣ የውጅግራን አፈሙዝ ከሙቀት ይልቅ የሚጎዳው ዝገት ነው። በውኃ አጥቦ፣ አድርቆና ቅባት አስነክቶ የያዘው ሰው ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል። የተተኮሰው ቀለሃም አይጣልም፤ በአገር ባሩድና በእርሳስ እንደገና ይሞላ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ወራሪው የኢጣልያ ጦር በዋናነት የታጠቀው ካርካኖ ግን እ.ኤ.አ. የ1891 ሥሪት ነው። የአፈሙዙ ስፋት 6.5 ሚሊሜትር፣ አረሩ 10.5 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ሁለቱ አረሮች ከአፈሙዝ ሲወጡ የሚይዙት ጉልበት ከሞላ ጎደል እኩል፣ 2,500 ጁል ገደማ ነው። የካርካኖ ትርፉ ጥይቱ ቀላል፣ አካሄዱም ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። ዕዳው ደግሞ ያንኑ ጉልበት ከሲሶ ብዙም በማይበልጥ ጠባብ ቀዳዳ ማሳለፉ ነው።

የባሩዱ ነበልባል ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። አፈሙዙ የሚተርፈው ሙቀቱ ከሰከንድ ጥቂት ሺኛ ክፍል በላይ ስለማይቆይ ብቻ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው አረሩ ከቀለሃው ወጥቶ ወደ ጥምዙ የሚገባበት ጉሮሮ ነው። ኢጣልያኖች መጀመሪያ የተጠቀሙበት ባሊስታይት የተባለው ባሩድ ናይትሮግሊሰሪን ስለሚበዛበት ነበልባሉ የጋለ ነበር። ስለዚህ ሶሌኒት ወደተባለው ቀዝቀዝ ያለ ባሩድ ተሸጋገሩ። ጥምዙም ከመነሻው ላላ ብሎ ወደ ጫፉ እየጠበቀ እንዲሄድ አድርገው ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጉሮሮው ሲበላ አረሩ ዒላማውን ይስታል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሞይው የጠፋውን ፍጥነት ለመመለስ ባሩድ ሲጨምር ሙቀቱ ይብሳል፤ ጉሮሮው ይሰፋል፤ በመጨረሻም አደጋው ወደ ሰውየው ፊት ይዞራል። በተለይ ለጥቁር ባሩድ የተሠራን እንደ ውጅግራ ያለ ጠመንጃ በጭስ አልባ ባሩድ ቀለሃውን ሞልቶ መተኮስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ስለሆነም ጥይት መሙላት የተፈቀደለት ባለሙያ የባሩዱ ሠሪ ከወሰነው ልክ ማለፍ አይገባውም። ከልኩም በታች ቢሆን አነጣጥሮ ለመምታት የሚበቃውን ፍጥነት መርጦ መቆም፣ አፈሙዙ ሲግል ተኩስ ማቋረጥ፣ ጉሮሮውንም በየጊዜው መመርመር አለበት። ተተኪ አፈሙዝ በቀላሉ በማይገኝበት አገር በሰከንድ ጥቂት ሜትሮችን መተው ኪሣራ ሳይሆን ጠመንጃውን ከነባለቤቱ ማቆየት ነው።