አራቱ ብላቴኖችና የንጉሥ ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በትንቢተ ዳንኤል በመጀመሪያው ምዕራፍ የምናገኘው የአራት ተማሪዎች ታሪክ ነው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን በያዘ ጊዜ፣ ከይሁዳ ልጆች መልከ መልካሞችንና አእምሮ ብሩሆችን አስመርጦ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ አዘዘ። ከገዛ ማዕዱም መብልና የወይን ጠጅ መደበላቸው። ዳንኤል፣ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ግን ትምህርቱን ተቀብለው ማዕዱን እንቢ አሉ። ዛሬ የምንነጋገረው በትምህርት ቤት ያሉ ልጆቻችንን ከጫት፣ ከሲጋራ፣ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ስለ መጠበቅ ነውና፣ ከእነዚህ ብላቴኖች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የዛሬው ማዕድ በንጉሥ ትእዛዝ አይቀርብም፤ በጓደኛ እጅ ይቀርባል። በፈተና ሰሞን «እንቅልፍ ያባርራል፤ ጥናት ያስገባል» ተብሎ ጫት ይሰጣል። በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር በእውነት ለጥቂት ሰዓት እንቅልፍ ይከለክላል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ነገር ግን ምርቃናው ሲያልፍ ድካምና ትካዜ ይከተላል፤ ሌሊቱን ዐይኑን ሳይከድን ያደረው ልጅ በማግሥቱ መምህሩ ፊት ያንቀላፋል። ያንን ምርቃና ለመስበር ጨብሲ ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ በመጠጡም አጠገብ ሲጋራና ሺሻ ይጠብቀዋል። እንዲህ እያለ አንዱ በር ሌላውን በር ይከፍታል።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆና አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የጫት ገበያ ግን ገሐድ ነው። ደግሞም ሕግ ሻጩን ይቀጣል እንጂ ለልጁ እንቢ የሚልበትን ልብ አይሰጠውም። ያንን ልብ ማነጽ የወላጅና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው። እንዴት እንደሚታነጽም ከዳንኤል ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን።

መጀመሪያ፣ ዳንኤል እንዳይረክስ አስቀድሞ በልቡ ቆርጦ ነበር። ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ምክር መፈለግ ዘግይቶ መነሣት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ልጁ ገና በታናሽነቱ ሳለ ይጀመር። «ኃጢአት ነው» ብሎ መገሠጽ ብቻውን አይበቃም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ጽፎላቸዋል፤ ልጁም ይህን ክብሩን ይወቅ፤ ዕፁ በአእምሮውና በሥጋው ላይ የሚያደርገውንም በግልጥ ይነገረው። የሚመልሰውንም ቃል አስቀድሞ ይልመድ። ዳንኤል አልተሳደበም፤ በትሕትና ለመነ እንጂ። ልጃችንም «አመሰግናለሁ፤ እኔ አልፈልግም፤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» ብሎ ሳይጣላ መለየትን ይማር።

ሁለተኛ፣ ዳንኤል ብቻውን አልነበረም። አራት ሆነው እንቢ አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለአንድ ልጅ የሚከብደው እንቢታ ለአራቱ ይቀልላል። እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። በፈረቃ የሚማር ልጅ የቀኑ እኩሌታ ባዶ ነው። ጫት ቤቱ በሳምንት ሰባት ቀን ክፍት ሆኖ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስድስቱን ቀን ተቆልፎ ቢውል ልጁ ወዴት ይሂድ? አጥቢያዎቻችን አዳራሻቸውን በሥራ ቀንም ይክፈቱ። አንዱ ክፍል ማጥኛ ይሁን፤ በሌላው ከበሮና በገና ይማሩበት። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤ ያደጉ ወጣቶች ታናናሾቻቸውን ሒሳብና ሳይንስ ያስጠኑ። ያን ጊዜ ልጁ ክፉ ጓደኛን ተው ተብሎ ባዶ እጁን አይቀርም፤ በምትኩ መልካም ጓደኛ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ የሚሰማቸው አዋቂ ሰው ነበረ። በብላቴኖቹ ላይ የተሾመው ጠባቂ ነገሩ አደጋ እንዳለበት እያወቀ፣ ጥራጥሬ እየበሉ ውኃ እየጠጡ ዐሥር ቀን እንዲፈተኑ ፈቀደላቸው። በቤታችን እንዲህ ያለ ሰሚ ማን ነው? እኛ የንስሐ አባቶች ወደ ልጆቻችን ቤት ስንገባ ጠበል ረጭተን፣ ከአባትና ከእናት ጋር ተነጋግረን እንወጣለን፤ ልጁን ግን «ትምህርትህ እንዴት ነው? ከማን ጋር ትውላለህ?» ብለን ለብቻው የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? የጀመረውንም ልጅ ከጉባኤ አናባርረው። እኛ ያባረርነውን ጫት ቤቱ ምንጣፍ አንጥፎ ይቀበለዋል። ልማዱ ከጸናበት ከጸሎቱና ከጠበሉ ጋር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዘናልና።

ወላጆች ሆይ፤ ከጫት ቤቱ አስቀድሞ የገዛ ማዕዳችንን እንመልከት። በማኅበርና በዝክር ዕለት «ለበረከት ቅመስ» እያልን ለሕፃኑ ጠላና ጠጅ የምንሰጥ እኛው ነን። ልጁን ወደ ሱቅ ልኮ ሲጋራ የሚያስገዛ አባት፣ ነገ በልጁ ከንፈር ላይ ሲጋራ ቢያይ በምን አፉ ይቈጣል? በትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ቤቱን ለጫት መቃሚያና ለሺሻ ያከራየ ክርስቲያንም፣ ከዚያ ኪራይ ዐሥራት ማውጣቱ ልጆቹን አያድናቸውም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ባሉት ሱቆች እንዲህ ያለ ነገር የሚሸጥ ቢኖር፣ የሰበካው ጉባኤ ከሌላው አስቀድሞ የራሱን ደጅ ያጥራ። ይህ ነገር ከጎረቤታችን ሃይማኖት ጋር መካሰሻም አይሁን፤ ልጁ እንዳይጠፋበት የማይፈልግ አባት በሁሉም ቤት አለና በአንድነት እንምከር።

እናንተም ልጆቼ ስሙ። አራቱ ብላቴኖች ማዕዱን በመተዋቸው አልጎደሉም። በዐሥሩ ቀን መጨረሻ ፊታቸው አምሮ ታየ፤ ሦስቱ ዓመት ሲፈጸምም ንጉሡ በመረመራቸው ጊዜ ከሀገሩ ጠቢባን ሁሉ ዐሥር እጅ በልጠው ተገኙ። በኋላም ሦስቱ ወደ እቶነ እሳት በተጣሉ ጊዜ ያልፈሩት፣ አስቀድሞ በትንሿ ማዕድ ፊት እንቢ ማለትን ስለ ለመዱ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል በሐረርጌ የጫት ማሳዎች መካከል ተጉዛችሁ የምታከብሩት የእነዚህን ተማሪዎች መዳን መሆኑን አትርሱ። ዛሬውኑ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቃል ተጋቡ፤ ከእናንተ አንዱ ቢደክም ሌላው ይደግፈው፤ የሚሰማችሁንም አዋቂ ሰው ፈልጉ።

ሠለስቱ ደቂቅን ከነደደው እሳት ያዳነ አምላክ፣ ልጆቻችንን ከዚህ ዘመን እሳት ይጠብቅልን፤ ለእኛም ለወላጆችና ለካህናት የሚሰማ ጆሮና የሚከፈት ደጅ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።