ስለ ተሽከርካሪ መሪ ደኅንነት ለሞያሌና ለኡራን ሕዝብ የቀረበ ንግግር



ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ያሉባት፣ ሁለት የመንገድ ሕጎችም የሚገናኙባት ስፍራ ናት። በሰሜን በኩል በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ይሄዳል፤ በደቡብ በኩል በኬንያ ግራውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ልዩነት ከጥንት የነበረ አይደለም። ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ ቀኝ ተዛወረች። ከዚያ ወዲህ ድንበሩን የሚያልፍ ነጂ ሁሉ የመንገዱን ወገን መለወጥ ግድ ሆኖበታል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ስለ ለበሰ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጋራው የድንበር ኬላ ስለ ተመረቀ፣ ጉዞው ፈጥኗል። ፍጥነት ሲጨምር ግን የመሪ ጥፋት የሚያስከፍለው ዋጋም ይጨምራል።

በማርሳቢት ግዛት በኡራንም ሆነ በሌላው ቀበሌ አንድ ሰው ሞተሩን ከአንዱ፣ አካሉን ከሌላው አሮጌ መኪና ወስዶ ቢገጣጥም፣ ወይም መሪውን ከቀኝ ወደ ግራ ቢያዛውር፣ ብልሃቱ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን መኪናው መንቀሳቀሱ ብቻ ለመንገድ ብቁ ነው አያሰኘውም። በኬንያ ሕግ እንደ አምቡላንስና እንደ እሳት ማጥፊያ ያለ ልዩ ተሽከርካሪ ካልሆነ በቀር መሪው በግራ የሆነ መኪና አይመዘገብም። ምርመራውንም በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የትራንስፖርትና የደኅንነት ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ባለመኪና በየዓመቱ መኪናውን አስመርምሮ ቦሎ ያወጣል።

መርማሪ ስለ መሪ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ለምንድን ነው? ቀድሞ የመሪ ዘንግ አንድ ወጥ ብረት ነበረ። መኪና በፊቱ ሲጋጭ ዘንጉ ወደ ኋላ ተገፍቶ የነጂውን ደረት ይወጋ ነበር። ስለዚህ አሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘንጉ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ ወይም እንዲሰበሰብ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 12 ደንብም መኪናው በሰዓት 48.3 ኪሎ ሜትር ከግንብ ጋር ቢጋጭ የዘንጉ ጫፍ ወደ ነጂው ከ12.7 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይመጣ ያዝዛል።

ይኸው ደንብ ስለ መሪው ገጽ ሲናገር፣ 165 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ኳስ በነጂው በኩል ሊነካው የሚችለው ጠርዝ ሁሉ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ባላነሰ ክበት የለዘበ እንዲሆን ይጠይቃል። ኳሱ የሰውን ራስ ይተካል። በእንግሊዝ አገር ሰዎች በየቤታቸው ለሚገጣጥሟቸው መኪናዎች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነጠላ ተሽከርካሪ ፈቃድ ምርመራ አለ፤ በዚያም የተበሱ ስስ ብረቶችና ገጦ የወጡ ብሎኖች ያሉበት የእሽቅድምድም መሪ ያስቸግራል። ብልህ ገጣጣሚ እንዲህ ያለውን ትቶ፣ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ፣ መካከሉ በለስላሳ ነገር የተሸፈነ መሪ ከራሱ ታጣፊ ዘንግ ጋር ይገጥማል።

መሪን ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ክቡን ብቻ ማዛወር አይደለም። የመሪ ሳጥኑ፣ ዘንጉ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው አብረው ይዛወራሉ። የፊት መብራቱም መለወጥ አለበት፤ ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት በቀኝ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ነጂ ዓይን ያጨልማልና። ከሁሉ የከፋው ዘንጉን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም ነው። ብየዳው ከውጭ አምሮ ከውስጥ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ በተበጠሰም ጊዜ መሪው በነጂው እጅ ባዶውን ይዞራል።

እንግዲህ ባለመኪናው ወደ ምርመራ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ነገር ይመልከት። መኪናው ቆሞ ሳለ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅስ፤ ጎማው ሳይከተል መሪው ብዙ የሚዞር ከሆነ አንዱ መጋጠሚያ ላልቷል። ቀጥሎ መሪውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቀው፤ የመካከሉ ዳዶ መጥበቁንና መቆለፉንም ያረጋግጥ። በመጨረሻም እስከ ዳር ግራና ቀኝ አዙሮ ጎማው አካሉን ወይም የፍሬኑን ቱቦ እንዳይነካ ይመልከት። በመሪው ውስጥ የአየር ከረጢት ካለ ያለ ባለሙያ አይነካካው።

ሹማምንትም የሚጠበቅባቸው አለ። መርማሪ ቀለሙንና ወንበሩን አይቶ ማሳለፍ አይገባውም፤ መኪናውንም ሲጥል ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ቢሰጥ ባለቤቱ የሚያስተካክለውን ያውቃል፤ ገንዘቡንም በከንቱ አያፈስም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ በጋራዥ የሚጠብቅ አንድ ዳዶ ነገ የአንድ ቤተሰብ አባት በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያደርጋል። ነጂውም መርማሪውም ይህን አስበው በየፊናቸው ይትጉ።