ስለሚያስፈሩ የቪዲዮ ጨዋታዎች የተደረገ ንግግር



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በየተራ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ሌሎቹ ጓደኞቻችን ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲመርጡ እኛ ሦስታችን የመረጥነው ርእስ አያሌ ሰዎችን ፈገግ አሰኝቷል። አንድ አባትም «መፍራትን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በንግግር የሚያስተምሩት?» ብለው እንደ ጠየቁ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ይህን ርእስ የያዝነው ለቀልድ ብለን አይደለም፤ አንድ ጥፋት ስላጠፋንና ጥፋቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ስለ ፈለግን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከሦስታችን በአንደኛው ቤት ተሰብስበን፣ አጎቱ በላኩለት አሮጌ ፕሌይስቴሽን «ሳይለንት ሂል» የተባለውን ጨዋታ እንጫወት ነበር። ጊዜው ሌሊት ነው፤ መብራቱን አጥፍተናል፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ግን ከፍ አድርገናል። የጓደኛችን ታናሽ ወንድም፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቷል ብለን ነበር። ልጁ ግን አልተኛም። ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያዳምጥ ቈይቷል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ፤ ደጅ ለመውጣትም ሰው ካልተከተለው እንቢ አለ። እናቱ ሦስታችንንም ጠርተው «እናንተስ ጎርምሳችኋል፤ እሱን ምን አድርግ ብላችሁት ነው?» ሲሉ ገሠጹን። መልስ አልነበረንም።

ያስገረመን ግን ይህ ነው። እኛ ጭራቆቹን በዐይናችን አይተን በማግሥቱ ቁርሳችንን በልተን ኳስ ሜዳ ወረድን። ልጁ አንዲት ሥዕል እንኳ አላየም፤ የሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ታዲያ ካየነው ከእኛ ይልቅ ያላየው እርሱ ስለ ምን የበለጠ ፈራ? ይህን ጥያቄ ይዘን ከዚያ ወዲህ የተጫወትናቸውንና የተነበቡልንን ጨዋታዎች ሁሉ መመርመር ጀመርን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ድንጋጤንና ሌላውን ፍርሃት መለየት ይገባል። አንድ ሰው ከበር ኋላ ተደብቆ ቢጮኽብን እንደነግጣለን፤ ድንጋጤው ግን ወዲያው ይበርዳል፤ ብዙውን ጊዜም ሳቅ ይከተለዋል። በባዶ ቤት ውስጥ ብቻችንን ሳለን ሌላ ሰው ያለ መስሎ ሲሰማን ግን ሰውነታችንን ውርር ያደርገናል፤ ይህኛው ቶሎ አይለቅም፤ አልጋ ድረስ ይከተላል። ተራ የሆኑት ጨዋታዎች የሚሸጡልን ድንጋጤን ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ውርር ስለሚያደርጉት ነው።

«ሳይለንት ሂል»ን ያወጣው ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም 1999 ነው። ሃሪ ሜሰን የሚባል አንድ አባት የጠፋች ትንሽ ልጁን በጉም በተሸፈነች ከተማ ውስጥ ይፈልጋል። ይህ ሰው ወታደር አይደለም፤ ሲሮጥ ይደክመዋል፤ ሲተኩስም ይስታል። ጉሙ ከየት እንደ መጣ ስናነብ እጅግ ተደነቅን። የዚያን ጊዜው ፕሌይስቴሽን አቅሙ ውሱን ስለ ነበረ የአንድን ሰፊ ጎዳና ሕንጻዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥሎ ለማሳየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሩቅ ሩቁን በጉምና በጨለማ ሸፈኑት። ይህም የፈረሰውን ግድግዳ በመጋረጃ እንደ መጋረድ ያለ ነው። ሆኖም መጋረጃው ራሱ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ከዐሥር ርምጃ ወዲያ ያለውን ስለማያይ ያንን ስፍራ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። ሠሪው አንድ ጭራቅ ቢሥል ያ ጭራቅ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። በጉሙ ውስጥ ያለው ግን ለእያንዳንዱ ሰው እርሱ ራሱ የሚፈራው ነው።

ድምፁ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሃሪ በአንድ ካፌ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ያገኛል። ሬዲዮው ጣቢያ አይዝም፤ ጭራቅ በቀረበ ጊዜ ግን መንጫጨት ይጀምራል። «ቀርቧል» ይላል እንጂ ከየት ወገን እንደሚመጣ አይናገርም። ሙዚቃውን የደረሱት አኪራ ያማኦካ በብዙ ስፍራ ከዜማ ይልቅ የብረት መፋተግንና የፋብሪካ ጩኸትን የሚመስል ድምፅ ስለ ተጠቀሙ፣ የሚሰማው ነገር ሙዚቃ ይሁን ወይስ የሚመጣ ፍጡር ለመለየት ያስቸግራል። እንግዲህ ያ ልጅ በግድግዳው በኩል የሰማው ይህንን ነው። እኛ ሬዲዮው ሲንጫጫ ስክሪኑን እናያለን፤ ጭራቁ ይመጣል፤ እንመታዋለን፤ ሬዲዮውም ዝም ይላል። እርሱ ግን ማስጠንቀቂያውን ብቻ ሰማ፤ ጭራቁ መጥቶ ሲያልቅ አላየም። ለእርሱ ሌሊቱን ሙሉ እየቀረበ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። በ1982 አታሪ ያወጣው «ሆንትድ ሃውስ» የተባለው ጨዋታ ተጫዋቹን በጨለማ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ዐይኖች አድርጎ ብቻ ነበር የሚያሳየው።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን ግን «አምኔዢያ» ነው። ይህንን በ2010 ያወጣው ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለ ትንሽ የስዊድን ኩባንያ ነው። ተጫዋቹ ዳንኤል የሚባል ሰው ሆኖ በአንድ አሮጌ ግንብ ውስጥ ይነቃል፤ በእጁ ምንም መሣሪያ የለም። ጭራቅ ሲመጣ መሸሽ ወይም መደበቅ ብቻ ነው። መደበቂያው ጨለማ ነው፤ ነገር ግን በጨለማ ውስጥ የቈየ እንደ ሆነ የዳንኤል አእምሮ እየታወከ ይሄዳል። ጭራቁን ትኵር ብሎ ማየትም እንዲሁ አእምሮውን ያውካል። እንግዲህ ፋኖስ ቢያበራ ይታያል፤ ቢያጠፋ ያብዳል፤ የፋኖሱም ዘይት ያልቃል። ከዚህ የከፋ ምርጫ ሲሰጠን አላየንም።

በዚያው ጨዋታ ውስጥ ውኃ የሞላው አንድ ምድር ቤት አለ። በውኃው ውስጥ የሚኖረው ፍጡር አይታይም፤ የሚታየው ሲራመድ የሚረጨው ውኃ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ከሣጥን ወደ ሣጥን እየዘለለ ይሻገራል፤ ሳጥኑ ካለቀ ግን ውኃው ውስጥ መውረድ አለበት። እኛ እዚያ ስንደርስ ከመካከላችን ማውሱን ይዞ የነበረው ለጓደኛው ሰጥቶ «ውኃ ልጠጣ» ብሎ ወጣ። ውኃው ሩብ ሰዓት ፈጀበት።

ይህ ሣቅ የሚያሰኝ ቢሆንም በጨዋታና በፊልም መካከል ያለውን ልዩነት አሳይቶናል። ፊልም ስናይ ሰውየው ወደ ጨለማው ክፍል እንዳይገባ እየለመንን እንኳ ይገባል፤ ጥፋቱም የእርሱ ነው። በጨዋታ ግን እኛ ካልገባን ማንም አይገባም። በ«አምኔዢያ» በር የሚከፈተው በአንድ ቁልፍ ምት ሳይሆን ማውሱን ይዞ በመግፋት ወይም በመሳብ ስለ ሆነ፣ ሰው በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎ ለማየት፣ መልሶም ለመዝጋት ይችላል። እጃችን በሩን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ፊልም ዐይንን ሲሸፍኑት ያልፋል፤ ይህ ግን ዐይን ቢሸፈንም ባለበት ቆሞ ይጠብቃል።

ካፕኮም የተባለው ኩባንያ በ1996 ያወጣው «ሬዚደንት ኢቭል» ተጫዋቹን በሌላ መንገድ ያደክመዋል። ካሜራው በክፍሉ ጥግ ተተክሎ ስለሚቀር፣ ከማዕዘኑ ወዲያ የሚራመደውን ሰው እግሩን እንሰማለን እንጂ አናየውም። ጥይቱ ጥቂት ነው። የደረስንበትን ለማስቀመጥም የጽሕፈት መኪና ቀለም ማግኘት ያስፈልጋል፤ ማለት ዕረፍት እንኳ በቁጥር ነው።

በ2014 ሦስት እጅግ የሚያስፈሩ ጨዋታዎች ወጡ። አንደኛው ስኮት ካውተን የተባሉ ሰው የሠሩት «ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» ነው። ተጫዋቹ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ከወንበሩ ሳይነሣ በካሜራ ይጠብቃል። የሚጠብቃቸውም የእንስሳ መልክ ያላቸው፣ በሞተር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው። ማሳሂሮ ሞሪ የተባሉት የጃፓን የሮቦት ሊቅ በ1970 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው ሠራሽ ነገር ሰውን እየመሰለ በሄደ መጠን እንደምንቀርበው፣ በጣም ቀርቦ ሳለ ፈጽሞ ሳይደርስ ሲቀር ግን መውደዳችን በድንገት ወደ መሸማቀቅ እንደሚገለበጥ አመልክተዋል። የእነዚያ አሻንጉሊቶች ዐይንና ጥርስ ይህንን ያስታውሰናል። በሩን መዝጋት፣ መብራት ማብራት፣ ካሜራ ማየት ሁሉ ኤሌክትሪኩን ይጨርሰዋል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዝም ብሎ መጠበቅን እያወቅን ላደግን ለእኛ፣ ያ የመጨረሻው ጨለማ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሁለተኛው የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የሠራው «ኤሊየን አይሶሌሽን» ነው። አሳዳጁ ፍጡር የሚመራው በሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ተጫዋቹ ያለበትን ሁልጊዜ ያውቃል፤ ለሁለተኛው ግን ሙሉውን አይነግረውም፤ «በዚህ ወገን ነው» ብሎ ፍንጭ ብቻ ይሰጠዋል። ሁለተኛው በጆሮውና በዐይኑ ይፈልጋል። ስለዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቀን ሳለን ፍጡሩ ጥሎን እየሄደ እንደ ሆነ ወይም እየተመለሰ እንደ ሆነ በቃል አጥንቶ መገመት አይቻልም።

ሦስተኛው «ፒ ቲ» ይባላል፤ ሂዴኦ ኮጂማና የፊልም አዘጋጁ ጊየርሞ ዴል ቶሮ ሊሠሩት ላሰቡት አዲስ «ሳይለንት ሂል» እንደ መቅድም በነጻ የተሰጠ ነው። አንድ ጊዜ የሚታጠፍ ተራ የመኖሪያ ቤት ኮሪደር አለ፤ በመጨረሻው በር ሲወጡ መልሶ ወደ መጀመሪያው ያስገባል። ሰዓት፣ ፎቶግራፍ፣ ሬዲዮ አለ። በየዙሩ አንድ ነገር ተለውጦ ይገኛል፤ ሊሳ የምትባል ሴትም ትታያለች። በ2015 ዋናው ጨዋታ ተሰረዘ፤ «ፒ ቲ»ም ከሱቁ ተነሣ፤ ስለዚህ እኛ ያየነው ሌሎች ሲጫወቱት በቪዲዮ ነው። በ2019 አንድ መርማሪ ካሜራውን ከተጫዋቹ ዐይን አላቅቆ ወደ ኋላ ቢያዞረው፣ ተጫዋቹ የእጅ ባትሪውን ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ሊሳ ከጀርባው ተጣብቃ እንደምትከተለው ተገኘ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰዎች «ከኋላዬ አንድ ነገር አለ» ሲሉ ስሜት ብቻ ይመስላቸው ነበር።

ወደ ልጁ እንመለስ። በእነዚህ ጨዋታዎች በብዙዎቹ ሽፋን ላይ የ17 ወይም የ18 ዓመት ዕድሜ ተጽፎ ይገኛል። ሽፋኑ ግን በግድግዳ ወዲያ ሆኖ ስለሚሰማ ሰው ምንም አይልም፤ ያንን ማሰብ የእኛ ፈንታ ነበር። እናቱን ይቅርታ ጠይቀን፣ አስፈቅደንም፣ እርሳቸው ባሉበት በጠራራ ፀሓይ ቴሌቪዥኑን ከፈትን። ጭራቅ የሌለበትን ባዶውን ጎዳናና ጉሙን ብቻ አሳየነው። የሬዲዮው መንጫጨት ጥቂት ተሰማ፤ የድምፁን መቈጣጠሪያም ለእርሱ ሰጠነው። ዝቅ አደረገ፤ ከፍ አደረገ፤ እንደ ገና ዝቅ አደረገ። «ይኼ ነው እንዴ?» አለ፤ ሣቀም። ቀጥሎ በጣቱ ጉሙን እያመለከተ «ከዚያ ወዲያስ ምን አለ?» ሲል ጠየቀን።

«ምንም የለም፤ ማሽኑ ገና አልሣለውም» አልነው።

ጥቂት ዝም ብሎ አየና «ሲሥለውስ?» አለን።

ያን ሌሊት ብቻውን ተኛ። መብራቱ ግን እንዲበራለት ለምኖ ነበር፤ እናቱም አበሩለት።