አስቀድሞ ስለሚዘጋጅ ገጽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት የምዝገባ ማስታወቂያ በኢንተርኔት ወጣ ተብሎ ሁላችንም ባንድ ሰዓት ስልካችንን ብንከፍት ገጹ እምቢ አለን። የደባርቁ ጓደኛችን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ከግድግዳ ላይ አነበበው፤ ቀኑ ግን አልፎ ነበር።

ጥፋቱ የመስመሩ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰርቨሮች ሰው በጠየቀ ቁጥር ገጹን ከመረጃ ቋት ሰብስበው እንደ አዲስ ይሠሩታል። ይህም እንግዳ በመጣ ቁጥር ጤፍ አስፈጭቶ፣ አቡክቶ እንደ መጋገር ነው። ባለሙያ ሴት ግን አስቀድማ ጋግራ በሌማት ታኖራለች። «ካሽ» የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው፤ ገጹ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለመጣው ሁሉ ይታደላል።

ሰርቨሩም ቀላል ይሁን። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ኤንጂንኤክስ ለእያንዳንዱ እንግዳ የተለየ አሳላፊ አያቆምም፤ ጥቂት አሳላፊዎች ሺሆችን ያስተናግዳሉ። ስለዚህ አነስተኛ ኮምፒዩተርም ብዙ ሰው ያስተናግዳል።

ነገር ግን እንጀራም ሲሰነብት ይሻግታል፤ ማስታወቂያው ሲለወጥ አሮጌው ቅጂ ይጣል። የአንዱ ተማሪ የግል ውጤትም በጋራ ሌማት አይቀመጥ።

እኛ ተመራቂዎች ይህን ተምረን ብንሠራበት፣ የደጋው ልጅ ለአንድ ማስታወቂያ ሲል በመንገድ አይንከራተትም።